በጉልበቴ ጉዳይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ተናድጃለሁ። ከመጀመሬ በፊት ይህን እወቁልኝ፤ በኋላ «ምነው ሰውዬው በየመስመሩ ይጮሃል?» እንዳትሉኝ። የሌላው ሰው ንዴት ጉሮሮው ላይ ይሆናል፤ የኔ ግራ ጉልበቴ ውስጥ ነው ያለው። ዝናብ ሲመጣ ይነሳል፣ ደረጃ ስወጣ ይነሳል፣ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።

ሾፌር ነኝ። ከከሚሴ ጨፋ ሮቢት በሚኒባስ ስመላለስ ነው ጸጉሬ ከግንባሬ የሸሸው። መኪናዋ የኔ አይደለችም፣ የሐጂ ናት። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን መኪናዋ እስከተንቀሳቀሰች ድረስ ነው። እኔ ደግሞ ያለ መሪ ምንም ነኝ። ማረስ አልችልበትም፣ ሱቅ የለኝም፣ ቢሮ የሚያስቀጥር ትምህርት የለኝም። ያለኝ እጅና እግር ነው፤ ከእግሮቼም ግራው ፍሪሲዮን የሚረግጠው ነው። የሰበርኩት እሱን ነው።

አወዳደቄን ልንገራችሁ። የጨፋ ሮቢት ገበያ ቀን ነበር። መኪናዋ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቼ የማሽላ ጆንያ አስሬ ስጨርስ አንድ ገበሬ ከታች ቀና ብሎ «ገመዱ ላልቷል» አለኝ። አልላላም አልኩት። «ወላሂ ላልቷል!» አለ። ሥራዬን የሚነካብኝ ሰው አልወድም። እንዳልላላ ላሳየው ብዬ ገመዱን ጨብጬ በሙሉ ክብደቴ ወደ ኋላ ተንጠለጠልኩለት። ላልቶ ኖሯል። ገበሬው ከመሬት ሲያነሳኝ «አላልኩህም?» አላለኝም፤ ጨዋ ሰው ነው። በዓይኑ ግን ብሎኛል፣ እስካሁንም አልረሳሁለትም።

ጀሶ ታሰረልኝ። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል ተባልኩ፤ እልል አልን። ከዚያ እግሬን ላጥፍ ብል እምቢ አለ። ቀጥ ብሎ ቀረ። ወንበር ላይ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው በእግሬ የምጠቁም ነው የሚመስለው። ባጃጅ ስሳፈር እግሬ በጎን ተርፎ ይወጣል፤ አንድ ቀን ገበያው አጠገብ የአንዲት ሴትዮ የቲማቲም ክምር ውስጥ ገብቶ የተሰደብኩት ስድብ በሁለት ቋንቋ ነው። ሐኪሙም አየኝና «ፊዚዮቴራፒ ሂድ» አለኝ።

ፊዚዮቴራፒ ሲባል እኔ የመሰለኝ ለስለስ ያለ እጅ፣ ሞቅ ያለ ቅባት፣ «እዚህ ጋ ነው የሚያምዎት?» የሚል ድምፅ ነበር። ድምፁስ እንዳሰብኩት ነው። ባለሙያዋ ሰሚራ ትባላለች፤ የዚሁ የጨፋ ልጅ ናት፣ ቀጠን ያለች፣ አንገቷን ደፍታ «ጋሼ» እያለች የምትናገር። በሆዴ አስተኛችኝ። ቁርጭምጭሚቴን ያዘች። «ጋሼ፣ ትንሽ ይሰማዎታል» አለች። ከዚያ ተረከዜን ወደ መቀመጫዬ መግፋት ጀመረች።

ትንሽ! ይህቺን ቃል ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። የጥርስ ሐኪሙም ትንሽ ይላል፣ መርፌ የምትወጋውም ትንሽ ትላለች። እኔ በጩኸቴ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች ግማሹን ወደ ቤታቸው መለስኩ።

ሰሚራ እጇን ሳትለቅ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «እግርዎ ጀሶ ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበትዎ ውስጥ ጠባሳ ይዟል፣ ጡንቻውም አጥሯል። አሁን ገና ለጋ ነው፣ ከሳብነው ይለቃል። ካቆየነው ግን ይጠነክርና እኔም አልችለው፣ እርስዎም አይችሉት። እቤትም በየቀኑ ፎጣ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ አድርገው ይሳቡት። ያማል። ቢያምም ይሳቡት።»

«ካልሳብኩትስ?»

«መኪናውን ለሌላ ሾፌር ይሰጡብዎታል» አለችኝ። ሥራዬን ጠይቃኝ ነበር።

ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም። ግን እቤት ገብቼ ፎጣዬን ስይዝ ጠያቂ ይመጣል። ከሚሴ ታሞ ብቻውን የሚተኛ ሰው የለም፣ አላህ ይመስገን፤ ግን ብቻዬን ተዉኝ ብሎ የሚለምንም ሰው እንዳለ አንድ ሰው ይወቅልኝ። ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ፎጣ ይቀሙኛል። «ምን ነካህ? የታመመ ሰው አርፎ ይተኛል እንጂ!» አንዱ እግሬን ትራስ ላይ ቀጥ አድርጎ ያስተኛል፤ ሌላዋ በጋቢ ትሸፍነዋለች። ሲወጡ ሌሎች ይገባሉ። ሰሚራ ሆስፒታል ያጠፈችውን፣ ጎረቤት እቤቴ ድረስ መጥቶ ያቃናዋል። ስመለስ እሷ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፣ እኔም እንደገና እጮሃለሁ።

አንድ ቀን ከዚያ መከራ እያነከስኩ ተመልሼ፣ እቤቴ የሞላው ሰው ፊት ክራንቼን ወርውሬ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። «ያቺ ልጅ ምን አድርጌያት ነው? ጠላቷ ነኝ እንዴ? በሰው ላይ እንዲህ የሚጨክን ያለ ምክንያት አይጨክንም!» አልኩ።

ይህቺ ነገር ናት የምትቆጨኝ። ቁጣ ስለሆነ ሰዎች ይስቃሉ ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ሀዋ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጎረቤቶቼ ተያዩ፣ አንዱ ተነስቶ ወጣ። የወጣው ሼህ ሙሄ ዘንድ ሊሄድ ነው።

ሼህ ሙሄ አበጋር ናቸው። እኛ አገር ሰው ሲጣላ፣ ከብት ሲጠፋ፣ ደም ሲፈስ እንኳ አበጋሮች ተቀምጠው ያስታርቃሉ። እሳቸው አስታርቀው ያልያዘ እርቅ የለም ይባላል። ከያዘ በኋላ ደግሞ አበቃ፤ በዱዓ የተዘጋ ነገር በከተማው የሚከፍተው የለም። እኔም የማከብራቸው ሰው ናቸው። ነበሩ ልበል መሰለኝ።

በሚቀጥለው የሕክምና ቀኔ ሰሚራ ተረከዜን ይዛ፣ እኔ ትራሱን ነክሼ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። ሼህ ሙሄ ከነጓደኞቻቸው፣ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። በሽተኞች የሚንከባለሉበትን ሰማያዊ ፍራሽ ሲያዩ ምንጣፍ የተነጠፈላቸው መሰላቸውና እላዩ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። ጥግ ላይ በገመድ ትከሻዋን ስትስብ የነበረች ሴትዮ ገመዷን እንደያዘች ቀረች።

«ነጋ ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ?» አሉ ሼህ ሙሄ፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ አባባ» አለች ሰሚራ። የታመሙ መስሏት ነበር። «የማናችሁን ጉልበት ነው የማየው?»

«የእሱን። በእሱና በአንቺ መሃል ያለውን ልናይ ነው የመጣነው። ምን በድሎሻል?»

ሰሚራ እኔን አየችኝ። ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀበርኩ።

«ምንም አልበደለኝም።»

«ካልበደለሽ ለምን ታሰቃይዋለሽ?»

«ሕክምና ነው፣ አባባ።»

«ተይ እስቲ። ሕክምናማ እናውቃለን፣ መርፌና ክኒን ነው። በልብሽ የያዝሽው ካለ አውጪውና ይለቅልሽ።» ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የሰሚራ አያትና የኔ አያት ድሮ በቦርከና ወንዝ ዳር በከብት ሣር ተጣልተው እንደነበር አስታወሱ። ነገሩ ያኔ በደንብ ሳይታረቅ ቀርቶ እንዳይሆን ጠረጠሩ።

«እኔ አያቴን አይቻቸው አላውቅም!» አለች ሰሚራ።

«አንቺ ባታውቂያቸው እጅሽ ያውቃቸዋል» አሉ ሽማግሌው፣ በሐዘን።

እዚህ ላይ ተነስቼ «ኧረ እንዲህ አይደለም!» ማለት ነበረብኝ። እንዳላልኩ ገምታችኋል። እጇ ከተረከዜ ላይ ተነስቶ ነበር፤ እፎይ ብያለሁ፣ ይህን እፎይታ የምሸጥበት ልብ አልነበረኝም።

ሼህ ሙሄ ወደ ሥራቸው ገቡ። «አንቺ እስከ የት ይታጠፍ ትያለሽ?»

«እስከ መጨረሻው። ተረከዙ መቀመጫው እስኪነካ።»

«አንተስ?»

«እኔስ ባይታጠፍም ግድ የለኝም» አልኩ፣ ትራሱ ውስጥ ሆኜ።

ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው በኦሮምኛ ተነጋገሩ፣ ጺማቸውን ዳበሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሼህ ሙሄ ፍርዱን ተናገሩ። «ሁለታችሁም ከያዛችሁት ትንሽ ትንሽ ልቀቁ። አንቺም ለእኛ ብለሽ ቀንሺ፣ እሱም ለእኛ ብሎ ይቻል። ወለካ ይሁን። ግማሽ ይታጠፍ።»

ሰሚራ መጀመሪያ ሳቀች። ማንም አብሯት እንዳልሳቀ ስታይ ደነገጠች። «አባባ፣ ጉልበት እኮ የግጦሽ መሬት አይደለም፣ ለሁለት አይካፈልም!» አለች። እነሱም ተነስተው ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት እኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ሽበታችንን አትመልሺ» አሉ። በሩ ላይ በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ዘበኛው ተሰብስቦ «ተይ አንቺ ልጅ፣ እሺ በይ» ይላል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የንዴት እንባ ነው፣ አሁን ገብቶኛል። «እሺ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ዱዓ ተደረገ። ዋስ ተጠራ፤ ለእሷ የሆስፒታሉ ዘበኛ፣ ለእኔ ባለቤቴ ሀዋ። ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሚን!» ያለው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ አላህ ይይልኝ፣ የደስታ ጊዜ ነበር። ሰሚራ ግማሽ ላይ ስትደርስ ዘበኛው በመስኮት «በቃ!» ይላል። ሙያ ያለው ሰው ሥራውን በዘበኛ ድምፅ ሲያቆም ማየት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያኔ አላሰብኩትም። እሷ እጇን ታጥባለች፣ እኔ አመስግኜ እወጣለሁ። እቤት ድንገት ልብ ገዝቼ ፎጣውን ብይዝ ሀዋ ከጓዳ ትጮሃለች፤ «ከወለካ እንዳታልፍ! ዋስ ነኝ፣ በኔ ላይ እርግማን እንዳታመጣ!»

አንድ ጠዋት ሐጂ ላኩብኝ። «መናኸሪያ ና፣ መኪናዋ ውስጥ ገብተህ አሳየኝ። ተቀያሪው ሾፌር ማርሹን እየፈጨብኝ ነው» አሉኝ። ሸሚዜን አስተኮስኩ። ክራንቼን ጥዬ ሄድኩ። ተራ አስከባሪዎቹ አቀፉኝ፣ ተሳፋሪዎቹ «ማሻአላህ!» አሉ። በሩን ከፍቼ መሪውን ጨበጥኩ፣ ቀኝ እግሬን አስገባሁ፣ ግራዬን አስከተልኩ። አልገባም አለ።

ጉልበቴ ከመሪው ሥር ተቀረቀረ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቡልኝ፤ እግሬ ፍሪሲዮኑን አሳልፎ ተዘረጋ። ወደ ፊት ሳቡልኝ፤ መሪውን በጉልበቴ አዞርኩት። በጎን ልግባ ስል ክላክሱን በቂጤ ነካሁት፣ መኪናዋ መናኸሪያው መሃል ጮኸች። አንድ ሰው ከኋላ ይገፋኛል፣ አንዱ ከፊት ይስበኛል፣ ከሳቢዎቹ አንዱ «ግማሽ ሾፌር!» ብሎ ቀለደ። ሐጂ አልሳቁም። ቁልፉን ከእጄ ወስደው ለዚያ ማርሽ ለሚፈጨው ሰጡት። «በዚህ ወር ከታጠፈልህ ና። ካልሆነ ግን ሰው እቀጥራለሁ፣ አትቀየመኝ» አሉኝ።

በዚያው ንዴቴ ሼህ ሙሄ ቤት ሄድኩ። «አባባ፣ ፍርዱን ያንሱልኝ» አልኳቸው።

«በዱዓ የተዘጋ ነው፣ እንዴት ይነሳል?»

«እንጀራዬ ሊሄድ ነው!»

«እርቅ የሚከፈተው አዲስ ጠብ ሲነሳ ነው፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ከልጅቷ ጋር ተጣልታችኋል?»

«እንጣላለን!» ብዬ ወጣሁ።

እቅዴ ቀላል ነበር። ሰሚራን በጆሮዋ እነግራታለሁ፣ ለይስሙላ እንጣላለን፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ ነገሩ እንደ አዲስ ይታያል። ሼህ ሙሄም ከኋላዬ ተከትለውኝ ኖሯል፤ ጠብ ሲሸታቸው ቤታቸው አይቀመጡም። ክፍሏ ገባሁና «አንቺ ልጅ፣ ባንቺ ምክንያት ሥራዬን አጣሁ!» ብዬ ለይስሙላ ጮህኩ። ጆሮዋ ላይ ለማንሾካሾክ ጊዜ አላገኘሁም።

«በእኔ ምክንያት?» አለች። አንገቷን ደፍታ አልነበረም። «እኔ ነኝ ሽማግሌ የላክሁ? ጋሼ፣ እኔ ይህን ሥራ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የተማርኩት። ሰው ሲጮህብኝ ደስ የሚለኝ ይመስልዎታል? እርስዎ ሲጮሁ እኔ ማታ እንቅልፍ የለኝም። ግን ጩኸትዎን ፈርቼ ብተወው ሽባ አድርጌዎት እንደቀረሁ ስለማውቅ እይዛለሁ። እርስዎ ግን በሰው ፊት ባለቂም አደረጉኝ። እናቴ ሳትቀር «ልጄ፣ ምን አድርጎሽ ነው?» ትለኛለች። ያ ሁሉ ጊዜ በግማሽ ሄደ። አሁን ስስበው ያው ለጋው ጠባሳ መሰለዎት?» እንዲህ እየተቆጣች እንኳ «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም። ብታንቋሽሸኝ ይሻለኝ ነበር።

ይስሙላው አልቆ ነበር፤ በራሴ የምር ተናድጄ ነበር።

ከዚያ ወደ ሼህ ሙሄ ዞረች። «ይምጡ፣ አባባ። እጅዎን ይስጡኝ።» እኔን አስተኛችና የሽማግሌውን እጅ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። እግሬን ማጠፍ ጀመረች። ግማሽ ላይ ቆመ፣ ከውስጥ ተያዘ። እጃቸው እንደተሰማው ከፊታቸው አየሁ።

«ይህ ነው የፈረዳችሁት» አለች። «እዚህ ላይ ሾፌር መሪ ሥር አይገባም። እዚህ ላይ ሰው ለሶላት ተንበርክኮ አይቀመጥም። ይኸው፣ በእጅዎ ይዘውታል።»

ሼህ ሙሄ እጃቸውን አላነሱም። ሲያስታርቁ ነው የኖሩት፣ እንዲህ ዓይነት እርቅ ግን ዳብሰው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚያ «ሙሉውን ሳቢው፣ ኢንተለ ኮ» አሉ። «ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን።»

ሳበችው። እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም። በየሕክምናው ሼህ ሙሄ እየመጡ ትከሻዬን ፍራሹ ላይ ተጭነው «ኦብሲ፣ ቻለው» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ጥርሴን ነክሼ በልቤ የምለውን አላህ ያውቃል። እቤት ሀዋ ዋስነቷ ተገልብጦ ፎጣውን ራሷ ትስበው ጀመር፤ ገንፎ ይዞ የመጣውን ሁሉ ከነገንፎው በር ላይ ታቆመዋለች። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ጉልበቴ ከመሪው ሥር ገባ። ሐጂ ቁልፌን መለሱልኝ።

ግን እዚያ ላይ ቆመ። ሰሚራ ሞከረች፣ በሆዴ፣ በጀርባዬ፣ ተቀምጬ፣ በሙቅ ፎጣ። በመጨረሻ እጇን አነሳችና «ጋሼ፣ የቀረው የሚመጣ አይመስለኝም» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም። እሱ ነው የባሰብኝ። የቀረውን ያ በዘበኛ ድምፅ ያለፈ ጊዜ ነው የወሰደው፤ አስልታ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኋትም።

ስለዚህ ዛሬ እነዳለሁ። መስጊድ ግን ከኋላ፣ ከአረጋውያኑ ጋር፣ የላስቲክ ወንበር ላይ ነው የምሰግደው። ሰው ሁሉ ግንባሩን ምንጣፍ ሲያስነካ እኔ ወንበሬ ላይ አጎነብሳለሁ። የወገባቸውን ችግር የሚያወሩኝ የአባቴ እኩዮች ናቸው። በዚህ ጉዳይ እንዴት እንደምናደድ ለሀዋ እንኳ ነግሬያት አላውቅም፤ ለእናንተ ነው የነገርኩት።

ሽማግሌዎቹ ከአንድ ጁምዓ በኋላ ቤቴ መጡ። ሰሚራ ዘንድ ቀድመው ሄደው ነበር፤ «አፉ ብያለሁ፣ ብቻ ሁለተኛ ሥራዬ ውስጥ አትግቡ» ብላቸዋለች። እኔ ዘንድ ሼህ ሙሄ አልተቀመጡም። ሌላውን ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው፣ ራሳቸው በዳይ ሆነው ፊቴ ቆሙ። «አጥፍተናል። ሳናውቅ ፈረድን። አፉ በለን» አሉ።

ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር። ስሰማው ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደልኝም። ሀዋ ከጎኔ ትቆነጥጠኛለች። ቆመው የሚለምኑት ሽማግሌ ናቸው፣ እምቢ አይባልም። እሺ ብል ደግሞ ውሸቴን ነው።

«ወለካ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ግማሹን አፉ ብያለሁ፣ አባባ። ግማሹ ይቆይ።»

አንደኛው ሽማግሌ ተቆጡ፤ «አፉ ይካፈላል እንዴ?» አሉ። ሼህ ሙሄ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ከተዘረጋው እግሬ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ለግማሹ ዱዓ አደረጉ፣ እኔም አሚን አልኩ።

አሁን በየጁምዓው ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ እኔ ከወንበሬ እስክነሳ በር ላይ ይጠብቁኛል። ክንዴን ይይዙና «የቀረውስ?» ይሉኛል።

«ገና ነው፣ አባባ» እላቸዋለሁ።